የዓባይ አፈር፣ የካርቱም ጡብ

ጥቁር ዓባይ በየዓመቱ በነሐሴ ሞልቶ ይመጣል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውኃው እየሸሸ ዳርቻውን ይለቅቃል። ውኃው በሸሸበት በጀሬፍና በሶባ ዳርቻ ለብዙ ዘመን አዲስ የደለል ምንጣፍ ተነጥፎ ሲገኝ ኖሯል። ደለሉ ደርቆ ሳይሰነጣጠቅ ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው ይወርዱበታል። ከፊሎቹ አትክልት ሊተክሉበት ነው፤ ብዙዎቹ ግን ሊቆፍሩት፣ ሊያቦኩት፣ በእንጨት ቅርጽ ሊያወጡትና በእሳት ሊያበስሉት ነው። የካርቱም ቀያይ ግንቦች የተሠሩት ከዚህ አፈር ነው። አፈሩ ግን ትውልዱ ካርቱም አይደለም፤ በክረምት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ተራሮች ታጥቦ የወረደ ነው። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል እንጂ፣ አፈር ይዞ ወርዶ ከተማ እንደሚሠራ ሀገር ቤት እምብዛም አይነገርም።

ስለ ስሞቹ ጥቂት ማለት ሳያስፈልግ አይቀርም። ዐረብኛው ወንዙን «አን-ኒል አል-አዝረቅ» ይለዋል። የመጻሕፍቱ ዐረብኛ «አዝረቅ»ን ሰማያዊ ብሎ ስለሚፈታው የእንግሊዝኛው ስም ይህንኑ ተከትሏል። በሱዳን ሕዝብ አነጋገር ግን አዝረቅ ለጠቆረ ነገር የሚነገር ቃል ነው፤ ስለዚህ የአማርኛው «ጥቁር ዓባይ» ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለሱዳኖች አፍ የቀረበ ሆኖ ይገኛል። በሙላት ወራት ወንዙን ያየ ሰውም የሰማያዊነት ምልክት አያገኝበትም። አበሾች በብዛት የኖሩበት የጀሬፍ ሰፈር ስምም ከ«ጀርፍ» የወጣ ነው፤ ጀርፍ ማለት ሙላት ሲሸሽ የሚታረስ የወንዝ ዳር መሬት ነው። «ጡብ» የሚለውን ቃል ደግሞ አማርኛና ዐረብኛ እኩል ይጠቀሙበታል። ቃሉ በቅብጥኛ በኩል እስከ ጥንታዊቷ ግብፅ ቋንቋ ይደርሳል፤ በዐረቦች ተሸክሞ ወደ ምዕራብ ተሻግሮም በእስፓንያ «አዶቤ» ሆኗል። ነገሩ ሳይለወጥ ስሙም እምብዛም ሳይለወጥ ይህን ያህል ዘመን መዝለቁ ያስደንቃል።

በዚህ ወንዝ ዳርቻ ስለ ነበሩ የጡብ ከተሞች ከሚናገሩት ጥንታውያን ምስክሮች አንዱ የተጻፈው በእኛው በግዕዝ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ዔዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ፣ የጠላቱን ከተሞች በሁለት ይከፍላቸዋል፤ በጡብ የተሠሩና በሣር የተሠሩ እያለ። ሠራዊቱ ተከዜና ሰዳ የተባለው ወንዝ ከሚገናኙበት ቦታ ተነሥቶ ሽቅብ መዝመቱንና ከጡብ ከተሞቹ አንዷ አልዋ እንደምትባል ጽሑፉ ይመሰክራል። ያች አልዋ በትክክል የት እንደ ነበረች ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ስሙ ግን ከጊዜ በኋላ በሶባ ላይ የተቀመጠው የክርስቲያን መንግሥት ስም ሆኖ ቀርቷል።

ሶባ ከካርቱም ወደ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጥቁር ዓባይ ቀኝ ዳርቻ የምትገኝ ናት። የአልዋ መንግሥት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ክርስትናን ተቀብሎ ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል ኖሯል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አገሩ የጻፈው ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ ከተማይቱን ያማሩ ሕንፃዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ሥፍራዎች እንደ ነበሯት ይተርካል። አብያተ ክርስቲያናቱ የታነጹት ከዚያው ከወንዙ ዳር ተቆፍሮ በተተኮሰ ቀይ ጡብ ነበር። ዛሬ ሶባን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን የሚያየው አነስተኛ ጉብታዎችንና ስብርባሪ ሸክላን ነው። ፒተር ሺኒ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ዴሬክ ዌልስቢ ደግሞ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባደረጓቸው ቁፋሮዎች ከመሠረቱ በላይ የቆመ ግድግዳ ያገኙት በጥቂቱ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ጡቡ ወዴት ሄደ? ወደ ካርቱም ሄደ። የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር በ1821 ሱዳንን ከያዘ በኋላ፣ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት በመግረን አጠገብ የተተከለው የጦር ሰፈር ከተማ እየሆነ ሄደ። ከ1826 ጀምሮ የገዛው ዓሊ ኹርሺድ ነዋሪዎቹ የቆዳና የሣር ጎጇቸውን ትተው በጡብ እንዲሠሩ ያበረታታ ነበር። አዲስ ጡብ ቆፍሮ ከመተኮስ ይልቅ የተተኮሰውን ከፍርስራሽ መልቀም ይቀልላልና፣ የሶባ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በጀልባ እየተጫነ ቁልቁል ወረደ። ካርቱም በጃንዋሪ 1885 በመሐዲስቶች እጅ ከወደቀች በኋላ ደግሞ ኸሊፋ ዓብዱላሂ ከተማይቱ እንድትለቀቅ አዘዘ፤ በሮች፣ ምሰሶዎችና ጡቦች ወንዙን ተሻግረው ኦምዱርማንን ለመሥራት ዋሉ። ኪችነር በ1898 ኦምዱርማንን ድል አድርጎ ካርቱምን እንደገና መሥራት ሲጀምር ዳርቻው ዳግመኛ ተቆፈረ። እንግዲህ ከሶባ የተነሣ አንድ ጡብ የሦስት መንግሥታትን ግድግዳ አሳልፎ ሊሆን ይችላል።

የጡብ ሥራው እስካለንበት ዘመን ድረስ ብዙ አልተለወጠም። ሱዳኖች የጡብ መተኮሻውን «ካሚና»፣ በብዙ ሲሆን «ከማይን» ይሉታል። የተቆፈረው ደለል ከከብት ፍግ ጋር ተቀላቅሎ በውኃ ይቦካል። በሀገር ቤት ለግድግዳ ጭቃ ጭድ እንደሚገባበት ማለት ነው፤ ፍጉ ጭቃውን ያያይዘዋል፤ በእሳት ጊዜ ደግሞ ከውስጡ እየነደደ ጡቡን ለማብሰል ይረዳል። በቅርጽ የወጣው ጡብ በአሸዋ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም ከሥሩ የእሳት መተላለፊያ እየተተወለት እንደ ቤት ይከመራል፤ ውጪው በጭቃ ይመረጋል፤ ማገዶ ተጨምሮበት ለቀናት ይነድዳል። ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ድርቅና ጦርነት ከምዕራብና ከደቡብ ሱዳን ያፈናቀላቸው ሰዎች ነበሩ። ሥራው በበጋ የሚሠራ ነው። ሱዳኖች «ደሚራ» የሚሉት የሙላት ወራት ሲደርስ እሳቱ ይጠፋል፤ ቁፋሮውም ይቆማል።

የነገሩ ጭብጥ ያለው ከዚህ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። ካሚናው ሲቆም ጉድጓዱ ክፍት እንደ ሆነ ይቀራል።

ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ ከዳሩ ሲወጣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ የተሸከመውን ከባድ ከባዱን አሸዋና ደለል እዚያው ዳሩ ላይ ይጥለዋል፤ ቀላሉን ጭቃ ብቻ ይዞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህ ከዘመን ወደ ዘመን ሲደጋገም የወንዙ ዳር ከኋላው ካለው ሜዳ ይልቅ ከፍ ይላል። ወንዝ በገዛ እጁ የሠራው ግድብ ነው ማለት ይቻላል። ጡብ ሠሪው የሚቆፍረው ይህንኑ ከፍታ ነው፤ አፈሩ የተመቸ፣ ውኃው ቅርብ፣ ለጭነትም የተደላደለ ነውና። የከተማው ሰው ግድግዳውን ለማቆም ሲል ከወንዙ የሚጠብቀውን ሌላ ግድግዳ ሲያፈርስ ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉድጓዱ ጥልቀት የሌለው ከሆነና ሙላቱም ደኅና ደለል ይዞ ከመጣ፣ ጉዳቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይድናል። ውኃው በጉድጓዱ ውስጥ ሲረጋ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ዘንድሮ የተቆፈረው ለከርሞ በከፊል ይሞላል። አሮጌዎቹ ጡብ ሠሪዎች ወንዙ ብድሩን ይከፍላል ብለው የሚተማመኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጉድጓዱ ከበጋው የወንዝ ልክ በታች ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከሥር ይመነጭበታል፤ በበጋም ሳይደርቅ ይቆያል፤ የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ በአጠገቡ ያሉ ሰፈሮች ቆሻሻና ፍሳሽ ከተጣለበትም በዚያው ዳርቻ ከሚቀዳው የጉድጓድ ውኃ ጋር ይገናኛል። በክረምት ደግሞ ወንዙ ወደ ጥልቁ ጉድጓድ ሲወድቅ የላይኛውን ጫፍ እየገመሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። ተከታትለው የተቆፈሩ ጉድጓዶች በዚህ ዓይነት ተያይዘው ለወንዙ አዲስ መንገድ ሊከፍቱለት ይችላሉ። ሱዳኖች የዳር መናድን «ሀዳም» ይሉታል፤ ቃሉ ማፍረስ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው።

ይህ የጡብ ብቻ ዕጣ አይደለም። ጠጠርና አሸዋ ከወንዝ ዳር የሚወጣበት ሥፍራ ሁሉ በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ በሌላውም ዓለም ጠጠር አውጪዎች በውድ ዋጋ የተማሩት ይህንኑ ነው። ብልሃቱ ረቂቅ አይደለም። ከወንዙና ከጉድጓዱ መካከል ያልተነካ የመሬት ሰቅ መተው፤ ከበጋው የውኃ ልክ በታች አለመውረድ፤ የጉድጓዱን ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ከማቆም ይልቅ ማዳለጥ። ሌላም አለ፤ ሙላቱ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት በር በታችኛው በኩል እንዲሆን ማድረግ። በላይኛው በኩል የገባ ውኃ እየጋለበ አፈሩን ይጠርጋል፤ በታችኛው በኩል የገባ ግን ወደ ኋላ እየተመለሰ በእርጋታ ይሞላል፤ ደለሉንም እዚያው ይተዋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከባድ አይደለም። የሚከብደው ከዳሩ ላይ የሚተወው መሬት እጅግ የተመቸው አፈር መሆኑ ነው። የካርቱም አስተዳደሮች ከማይኑን ከዳርቻው ለማስነሣት ደጋግመው ወስነዋል፤ ጢሱም፣ የማገዶው ጭፍጨፋም፣ የዳሩ መናድም ምክንያት ሆኖ ተጠቅሷል። ይሁን እንጂ ከተማይቱ እየሰፋች ጡቡ ሲፈለግ ውሳኔው ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

ዳርቻን መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው ማየት ያለበት የቱቲን ደሴት ነው። ቱቲ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት ቦታ በመካከል የተቀመጠች፣ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት የአትክልት ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ መሐሶች ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖረውባታል። በደሚራ ወራት በደሴቲቱ ዙሪያ «ታያ» የሚባሉ የጥበቃ ቦታዎች ይቋቋማሉ፤ ወጣቶች ሌትና ቀን ተራ እየገቡ የውኃውን ልክ ይከታተላሉ። ዳሩ ሲሰነጠቅ ወይም ውኃው ሊዘልል ሲል ጥሪ ይተላለፋል፤ ሁሉም አፈር የሞላ ጆንያ፣ እንጨትና ቅርንጫፍ ይዞ ይወጣል፤ «ተርስ» የሚሉትን መከላከያ ይሠራል፤ ሴቶቹም ምግብና ሻይ ያደርሳሉ። እንዲህ ያለውን የኅብረት ጥሪ «ነፊር» ይሉታል። ደቦና ወንፈል ላደገበት ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ ደቦ እህል ለመሰብሰብ ሲጠራ፣ ነፊር ወንዝ ለመመለስ መጠራቱ ነው።

በ1946 የመጣው ሙላት በዘመኑ ከታዩት ሁሉ የበለጠ ነበር። የቱቲ ሰዎች ደሴታቸውን ሳይለቁ በተርሱ ላይ ቆመው አሳለፉት፤ በዚያ ጊዜ ለእነርሱ የተዘፈነው ዘፈን ከዚያ ወዲህ በመላው ሱዳን ይታወቃል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጀግንነታቸው ብቻ አይደለም። የቱቲ ሰው ዳሩን በስንዝር ያውቀዋል፤ የትኛው ክፍል በላላ አፈር ላይ እንደ ቆመ፣ የትኛው ዛፍ ሥሩ እንደ ያዘው፣ ባለፈው ዓመት ውኃው በየት በኩል እንደ ጀመረ ይነጋገርበታል። በከማይን የተቦረቦረው የዋናው ምድር ዳርቻ ግን እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረውም። መሬቱን የሚያከራየው ሌላ፣ የሚቆፍረው ሌላ፣ ጎርፉ ቤቱ የሚገባበት ደግሞ ሌላ ነው።

የ1988ቱ ጥፋት ከወንዙ አልጀመረም። በኦገስት መጀመሪያ በአንድ ቀን ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በካርቱም ላይ ወረደ፤ ከተማይቱ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። የጥቁር ዓባይ ሙላትም ተከተለ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ቤቱን አጣ። የፈረሱት ቤቶች አብዛኞቹ ሱዳኖች «ጃሉስ» የሚሉት የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ ከድርቅና ከጦርነት ሸሽቶ የመጣው ድሀ የሠራቸው። ጃሉስ በደረቅ አገር እጅግ ጥሩ ቤት ነው፤ ሙቀትን ይከላከላል፤ ወጪው ጥቂት ነው፤ ውኃ ከሥሩ ሲቆም ግን ተንዶ ይወድቃል። ከዚህ ዓይነት መከራ የተረፈ ሰው አቅሙ ሲፈቅድ ቀይ ጡብ ቢፈልግ ማንም አይፈርድበትም። ጡብ በተፈለገ ቁጥር ግን ዳሩ ይቆፈራል።

በ2013 ከተማይቱ እንደገና በጎርፍ ስትጠቃ ወጣቶች «ነፊር» ብለው የሰየሙትን የእርዳታ ዘመቻ አቋቋሙ፤ የገጠሩን ስም ለከተማ ሥራ አዋሉት። በ2020 ደግሞ ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጣ፤ በ1946ም በ1988ም ያልታየ ልክ ነው። መንግሥት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ። በመላው ሱዳን ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ቱቲም በዚያ ዓመት ከፊል ሰፈሮቿን ውኃ ገባባቸው፤ ታያው ግን ቆመ፤ ተርሱም ሌሊቱን ሁሉ ሲጠገን አደረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሌላ መልክ አለው። ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ይዞት ይወርድ የነበረው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይገመት ነበር። በ1925 የተጠናቀቀው የሰናር ግድብና በ1966 የተጠናቀቀው የሮሰይረስ ግድብ በሙላት ወራት በራቸውን እየከፈቱ የቻሉትን ያህል ደለል ያሳልፉ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሮሰይረስ ከመጀመሪያ የመያዝ አቅሙ ጥቂት የማይባለውን በደለል አጥቷል፤ በ2013 ከፍታው በ10 ሜትር የተጨመረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ2020 ውኃ መያዝ የጀመረውና በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ወንዙ ስለሚረጋ አብዛኛው ደለል ወደ ሱዳን ሳይሻገር እዚያው ይዘቅጣል።

ለሱዳን መስኖና ለአሮጌዎቹ ግድቦች ይህ እረፍት ነው። ለቦዮች ጠረጋ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ይቀንሳል፤ ሙላቱም በልክ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ምርቃቱ በተፈጸመበት ወር መጨረሻ ከተለመደው ጊዜ ዘግይቶ በመጣው ሙላት ምክንያት ካይሮና አዲስ አበባ በማን ጥፋት ነው ተከራክረዋል፤ ስለ ጎርፉ ብዙ ተጽፏል። ስለ ደለሉ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ለጀሬፍ ጡብ ሠሪ ዋናው ነገር ወንዙ ብድሩን መክፈል መተዉ ነው። እስከዚህ ዘመን ድረስ የዳርቻው ቁፋሮ እንደ እርሻ ሊቆጠር ይችል ነበር፤ የታጨደው በየዓመቱ በከፊል ይበቅላል። ደለል ካልመጣ ግን የተቆፈረው እንደ ተቆፈረ ይቀራል፤ እንደ ማንኛውም ማዕድን ያልቃል። ደለሉን ጥሎ የመጣ ጥሩ ውኃ ደግሞ የሚሸከመው ስለሚያጣ የገዛ ዳሩንና ወለሉን ይቦረቡራል፤ ይህ በዓለም ላይ ከብዙ ግድቦች በታች የታየ ነው። የሀዳም አደጋ የሚበረታው እንግዲህ ጉድጓዶቹ መሞላት ባቆሙበት ጊዜ ይሆናል ማለት ነው።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከተማይቱን ጥሎ ወጣ፤ ከብዙ ዓመት በፊት መጥተው ቤት የመሠረቱ ኢትዮጵያውያንም በገላባትና በመተማ በኩል ተመለሱ። በ2009 በተመረቀው ድልድይ ብቻ ከካርቱም ጋር የተገናኘችው ቱቲ ለረጅም ጊዜ ተከብባ ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ለመውጣት ተገደዱ፤ በዕድሜ የቆዩ ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ ነገር በሙላት ጊዜ አላዩም። በማርች 2025 የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ ያዘ፤ ሰዎችም ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀመሩ።

የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግድግዳ ነው። የፈረሰችውን ከተማ ለመሥራት የሚፈለገው ጡብ፣ ጠጠርና አሸዋ ለመገመት የሚያዳግት ነው፤ ጠጠሩ ከኦምዱርማን ምዕራብ ካሉት ኮረብታዎች፣ ጡቡ ደግሞ እንደ ልማዱ ከጥቁር ዓባይ ዳርቻ ሊመጣ ነው። የሶባን ግድግዳ ወደ ካርቱም፣ የካርቱምን ወደ ኦምዱርማን ያጓጓዙት ሰዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ዘመን ሰው ይሻሉ ነበር፤ የተተኮሰን ጡብ ማንሣት አዲስ ጉድጓድ አይከፍትም። ከፍርስራሹ የተለቀመ እያንዳንዱ ደኅና ጡብ ከዳርቻው ላይ አንድ የአፈር ቅርጽ ያስቀራል። ቀሪው ግን መቆፈሩ አይቀርም፤ የት እንደሚቆፈር፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅና ከዳሩ ስንት ክንድ እንደሚርቅ የሚወሰነውም ውኃው በሸሸበት በበጋው ነው። በጀሬፍ ዳርቻ ከጦርነቱ በፊት የተቆፈሩት ጉድጓዶች ግን አፋቸውን እንደ ከፈቱ የሚቀጥለውን ደሚራ ይጠብቃሉ።